ያገለገለ ጎማ ለምን ይጮኻል?

የመኪናዬን የኋላ ኩሽኔታ፣ ጎማው ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርገውን ብረት፣ አስቀየርኩ። ጩኸቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ የጀመረው ሁለት ያገለገሉ ጎማዎች ገዝቼ ቪትዜ ላይ ከኋላ ካስገጠምኩ በኋላ ነው። ከተማ ውስጥ ምንም አይሰማም። ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድ ተቀብዬ የአዲስ አዳማን ፈጣን መንገድ ስይዝ ግን ጉዱ ይወጣል። ፍጥነቱ 70 ሲደርስ ከኋላ ወንበር ሥር የሆነ ነገር ማጓራት ይጀምራል። 90 ላይ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ጋር ለማውራት ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። እናቴ አዳማ እህቷን ልትጠይቅ አብራኝ ሄዳ ስትወርድ "ራሴን አመመኝ" አለች። ስንመለስ ከፊት ተቀመጠች።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ትንሽ ነዳትና "የኋላ ኩሽኔታ ነው" አለኝ። ተቀየረ፣ ከፈልኩ። በሳምንቱ መንገድ ስወጣ ያው ጩኸት። "እንግዲያው የሌላኛው ጎን ነው" ተባልኩ። ያን ጊዜ ነው ሰፈራችን ካሉ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ የሄድኩት። ጋሼ መኪናዋን አልነዷትም። በክሪክ አነሷትና መዳፋቸውን በጎማው ጥርስ ላይ ወደ ፊት አንሸራተቱ። ከዚያ ወደ ኋላ መለሱት።

"ና ንካው ልጄ" አሉኝ።

ነካሁት። ወደ አንድ ወገን ሲሄዱበት ይለሰልሳል። ወደ ሌላው ሲመለሱበት እንደ መጋዝ እጅ ይይዛል።

"ይሄ ጎማ የሌላ መኪና በሽታ ይዞ ነው የመጣው" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎማ ድምፅ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። አብዛኞቻችን ያገለገለ ጎማ ስንገዛ የምናየው ጥርሱ ምን ያህል እንደቀረ ነው። ጥርሱ ካለ ጎማው ጥሩ ነው እንላለን። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ግን ጎማ ታሪክ አለው። እግሩ ያልተሠራ መኪና ላይ ዞሮ ከሆነ፣ ንፋስ ጎድሎት ወራት ተነድቶ ከሆነ፣ ፀሐይ ላይ ዓመታት ቆሞ ከሆነ ሁሉም ላስቲኩ ላይ ይቀራል። ገንዘባችንን ከፍለን የምንገዛው ያንን ጭምር ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የብዙ ሰው ጉዳይ የሆነበት ምክንያት አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ አዲስ ጎማም አብሮ ናረ። አራት ጎማ በአንዴ መቀየር ለብዙ ባለመኪና የማይታሰብ ሆነ። ስለዚህ ሁለት ያገለገለ ከዚህ፣ አንድ ደግሞ ከዚያ እያልን እንቀጥላለን። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞላ። የሞተር ድምፅ የሌለው መኪና ውስጥ ስንገባ ዕድሜ ልክ አብሮን የኖረውን የጎማ ድምፅ እንደ አዲስ ሰማነው።

እስቲ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የእኔዋ ቪትዝ ጎማ 14 ቁጥር ነው፤ አንድ ዙር ሲዞር 1.8 ሜትር ከትንሽ ይሄዳል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስነዳ በሰከንድ ከ13 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። ዙሪያውን 60 ጥርስ ቢኖረው አስፋልቱ በሰከንድ 800 ጊዜ ገደማ ይመታል። ይህ የሰው ጆሮ በደንብ የሚሰማው የድምፅ ዓይነት ነው። ከምቱ ሌላ አየርም አለ። ጥርሱ መሬት ሲነካ በመካከሉ ያለው አየር ታፍኖ ይወጣል፤ ጥርሱ ሲነሳ ተመልሶ ይገባል። መዳፍ ለመዳፍ ስናጨበጭብ እንደሚሆነው ነው። ጎማውና አስፋልቱ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ እንደ መለከት አፍ ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት ድምፁን ያጎላዋል።

አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ዘዴ አላቸው። አዲስ ጎማ አግኝታችሁ ጥርሶቹን ብትለኩ ርዝመታቸው እኩል አይደለም። አንዱ አጠር፣ አንዱ ረዘም ይላል። ሆን ተብሎ ነው። ሁሉም እኩል ቢሆኑ ምቱ እኩል ይሆንና ጎማው አንድ ወጥ ዜማ ያወጣል። ሲለያዩ ግን ድምፁ ተበትኖ ለስለስ ያለ "ሽሽሽ" ይሆናል። ዓይን የማያየው ግን ጆሮ የሚያርፍበት ጥበብ ነው፤ እኔ ሳውቀው በጣም ነው የገረመኝ።

የመጋዝ ጥርስ ያወጣ ጎማ ይህን ሁሉ ልፋት ያፈርሰዋል። እያንዳንዱ ጥርስ አንዱ ጫፉ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ሲበላ፣ ከፍ ያለው ጫፍ አስፋልቱን በጥፊ እንደሚመታ ይሆናል። "ሽሽሽ" የነበረው "ውውው" ይሆናል። ይህ አበላል የሚመጣው የጎማዎቹ አቀማመጥ ማለትም አላይመንቱ ከተዛባ፣ የመኪናውን ንጥት የሚያበርደው አሞርዛተር ከደከመ፣ ወይም ጎማው ቦታ ሳይቀያየር ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ቦታ ከዞረ ነው። በፊት ጎማ የሚጎተቱ መኪኖች ላይ ደግሞ የኋላዎቹ ይብስባቸዋል። ጭነታቸው ቀላል ነው፣ መኪናውን የመግፋት ሥራም የላቸውም፤ ዝም ብለው ይጎተታሉ። ቪትዝ፣ ያሪስ እና አብዛኛው የከተማችን ትንሽ መኪና እንደዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የእናንተ መኪና አላይመንት የተስተካከለ፣ አሞርዛተሩ አዲስ ሊሆን ይችላል። ጎማው ግን ቅርጹን ይዞ ነው የመጣው። ገዝታችሁ ባላንስ ብታስደርጉትም አይለቅም። ባላንስ የክብደት ነገር ነው፤ መሪ የሚያንቀጠቅጠውን ያስተካክላል። የጥርስ ቅርጽን አይነካም። ስንት ሰው ነው ባላንስ ሦስት ጊዜ አስደርጎ "አልተሠራልኝም" ብሎ ከጎሚስታ ጋር የተጣላው!

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። ላስቲክ በፀሐይና በአየር እየደረቀ ይሄዳል። ጥርሱ ሳይነካ የቆየ ጎማም ይደርቃል። የደረቀ ላስቲክ አስፋልቱን አቅፎ አያልፍም፤ ይመታዋል፣ ንዝረቱንም ወደ ቸርኬው ያሳልፋል። ዕድሜውን ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም። ጎማው ጎን ላይ በእንግሊዝኛ "DOT" (ዲኦቲ) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚመጣው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አንዳንዴ ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚታተም ገልብጣችሁ እዩ። ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፤ አትንኩት። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢኖረው ከ10 ዓመት በላይ አትጠቀሙ ይላሉ። እኔ ለያገለገለ ጎማ ስድስት ዓመትም ይበዛብኛል።

ሌላው የበረዶ ጎማ ነው። ክረምታቸው በረዶ ከሆነ አገሮች የመጣ ጎማ ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ሥዕል ሊኖረው ይችላል። ላስቲኩ ለብርድ ስለተሠራ ልስልስ ነው፣ ጥርሶቹም በብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች የተከፋፈሉ ናቸው። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ አስፋልት ላይ ግን በሙቀት ይወዛወዛል፣ ቶሎ ይበላል፣ ሲበላም እኩል አይበላም። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ገበያ ላይ ያምራል። ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህ ነው።

የአቅጣጫ ነገርም አለ። አንዳንዱ ጎማ በአንድ ወገን ብቻ እንዲዞር የተሠራ ነው፤ ጎኑ ላይ ቀስት አለው። ተገልብጦ ሲገጠም ድምፁ ይጨምራል፣ ዝናብ ላይ ውኃ የማስወጣት አቅሙም ይቀንሳል። ይህን ማስተካከል ቀላል ነው፤ አስፈትቶ መግጠም ብቻ።

ታዲያ የሚጮኸው ጎማው ይሁን ኩሽኔታው በምን ይለያል? ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ገንዘቤ ይተርፍ ነበር። የመጀመሪያው ምልክት አስፋልቱ ነው። ከሻካራ አሮጌ አስፋልት ወደ አዲስ ልስልስ አስፋልት ስትገቡ ድምፁ ከተለወጠ ጎማ ነው። ኩሽኔታ አስፋልት አይመርጥም። ሁለተኛው መሪ ነው። መንገዱ ነፃ ሲሆን በመጠነኛ ፍጥነት መሪውን በቀስታ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሳብ አድርጉ። ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ድምፁ ከጨመረ፣ ወደ ሌላው ሲሄድ ከቀነሰ ኩሽኔታ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የማያሻማው ፈተና ግን የፊትና የኋላ ጎማ ማቀያየር ነው። ጩኸቱ ከኋላ ወደ ፊት ከመጣ ነገሩ አለቀ። ጎሚስታ ቤት ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ኩሽኔታ ከመቀየር በፊት መደረግ ያለበትም ይህ ነበር።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥያቄ የምሰማው ከእነዚህ ባለቤቶች ነውና። አውሮፓ ውስጥ የጎማ ድምፅ ሲለካ መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይንከባለልና ድምፅ መቅጃ 7.5 ሜትር ርቀት ላይ ይቆማል። ለጠባብ የቤት መኪና ጎማ የተፈቀደው 70 ዴሲቤል ነው፤ በጣም ሰፊ ለሆነው 74። ሦስት ዴሲቤል ማለት የድምፁ ኃይል እጥፍ ማለት ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሰፊ ጎማ ይበልጥ ይጮኻል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ጎማ ደግሞ ሰፊ ነው። ክብደታቸውም ከባድ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የምናየው ፎልስቫገን አይዲ 4 ከሁለት ቶን በላይ ሲመዝን የእኔ ቪትዝ አንድ ቶን አካባቢ ናት። ከባድ መኪና፣ ከቆመበት በአንዴ የሚወረወር ጉልበት ጋር ሲደመር፣ ጎማ ቶሎ ይበላል።

እና ሰዉ ምን ያደርጋል? የተበላውን አውጥቶ ያገለገለ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ጭንቅ አለብኝ። የአይዲ 4 የኋላ ጎማ ከፊቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ የፊቱን ወደ ኋላ ማዞር አይቻልም። ገበያ ላይ የሚገኘው ያገለገለ ጎማ ቸርኬው ቢገጥምለትም የመሸከም አቅሙ ላይገጥም ይችላል። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የሚናገረው የመሸከም አቅሙን ነው፤ ከመኪናው በር ውስጥ ከተለጠፈው ወይም ከመኪናው መጽሐፍ ጋር አስተያዩት፤ ካነሰ አትግዙ። ይህ የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሕይወት ነው።

አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ውስጡ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። ጎማ ውስጥ ያለው አየር ራሱ እንደ ከበሮ ሆድ ስለሚያስተጋባ ያንን ለማፈን ነው። ሚስማር ሲበሳው ጎሚስታው ስፖንጁን ቆርጦ ማንሳት አለበት። በጥንቃቄ ካልተቆረጠ ይላቀቅና ውስጥ ለውስጥ ይንከባለላል። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ውስጡንም በባትሪ መብራት እዩ። ስፖንጁ ተቀዶ ከተንጠለጠለ፣ ወይም በስፖንጅ ፋንታ የሙጫ ርዝራዥ ብቻ ካለ፣ ያ ጎማ ቀድሞ የነበረውን ጸጥታ አይሰጣችሁም።

አሁን መርካቶ ወርዳችሁ ጎማ ልትመርጡ ነው እንበል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይባላልና አትቸኩሉ። ጋሼ ያሳዩኝን አድርጉ፤ መዳፋችሁን በጥርሱ ዙሪያ ሙሉ አንድ ዙር አስኪዱት፣ ከዚያ መልሱት። መጋዝ ከሆነ ተዉት፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢወርድ። የውስጠኛውንና የውጪኛውን ጠርዝ አነጻጽሩ። አንዱ ጎን ብቻ ከተበላ አላይመንት ከተዛባ መኪና ወጥቷል። እዚህም እዚያም እንደ ኩባያ የጎደጎደ ከሆነ የሞተ አሞርዛተር ላይ ነበር። በጥፍራችሁ ጥርሱን ጫን በሉት፤ እንደ ሸክላ ከደረቀ ዕድሜው ሄዷል። ጎኑ ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ወይም እብጠት ካለ ድምፁን መጠየቅም አያስፈልግም። ከተቻለ ሁለቱንም ከአንድ መኪና የወጡ፣ አንድ ዓይነት ጥርስ ያላቸው ግዙ። በአንድ መስመር ላይ ግራና ቀኝ የተለያየ ጎማ ማድረግ ለፍሬንም ጥሩ አይደለም።

አንዴ ከገዛችሁና ከጮኸስ? መጀመሪያ ንፋሱን አስለኩ። ልኩ የአሽከርካሪው በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ብዙ ጎሚስታ ቤት በግምት ጠንከር አድርገው ይሞላሉ፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ እያንዳንዱን ጠጠር ወደ ወንበራችን ያመጣል። ማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። አዲስ አበባ ላይ የሞላነው ንፋስ አዳማ ሲደርስ ይለወጣል ወይ የሚል ጥያቄ ተጠይቄ አውቃለሁ። 700 ሜትር ያህል ስንወርድ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ይላል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። በአብዛኛው ይቻቻላሉ፣ አትጨነቁ።

ከዚያ አላይመንት አስደርጉ፣ የኋላ አሞርዛተሩን አስፈትሹ። የጎማውን ታሪክ አይሰርዝም፤ ግን እንዳይብስ ያደርጋል። ጎማው ቀስት ከሌለው የግራውን ከነቸርኬው ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዙሩ። የሚዞርበት አቅጣጫ ስለሚገለበጥ መጋዙ በሌላ ወገን መበላት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድምፁ ሊብስ ይችላል። መጋዙ ከመጠን በላይ ካልከፋና ጥርስ ከተረፈው ግን በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ተአምር ግን አትጠብቁ።

መኪናውን በድምፅ ማፈኛ ምንጣፍ ማስለበስ አሁን ፋሽን ሆኗል። ጥሩ ገንዘብ ይጠይቃል። ጎማው ታምሞ ይህን ማድረግ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ዝቅ ያለው ጉምጉምታ በብረቱና በእግሩ በኩል ስለሚመጣ ምንጣፍ ብዙም አይዘውም። ከዚያ ይልቅ ፓራፋንጎው ሥር ያለው ፕላስቲክ መኖሩን እዩ። የእኛ አሮጌ መኪኖች ላይ ተሰብሮ ከወደቀ ዓመታት ያለፉት ብዙ ነው። የበር ላስቲክም እንዲሁ። ሁለቱን መመለስ ብዙ ወጪ የለውም፣ ልዩነቱም ይሰማል።

ስለ መኪናው ውስጥ ብቻ አወራሁ። ውጪ ያሉትም አሉ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የጎማ ድምፅ ከ9 እስከ 12 ዴሲቤል ይጨምራል። ቀለበት መንገድ ዳር ለሚተኛ ሰው፣ ሌሊት ባዶ መንገድ ላይ የሚበር መኪና በናፍጣ ይሂድ በኤሌክትሪክ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የሚቀሰቅሰው ጎማው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የመንገድ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። መንገዶቻችን እየሰፉ፣ አስፋልቱ እየለሰለሰ፣ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው። ለመንገድ ዳር ነዋሪው ሌሊት ቀስ ብሎ መንዳት ከማንኛውም ጎማ ይልቅ ቶሎ ይደርስለታል።

የእኔዎቹን ጎማዎች ጋሼ ግራና ቀኝ አቀያየሩልኝ፤ አላይመንትም አስደረግኩ። ሁለት ወር ያህል ታገስኩ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በመጨረሻ ተጠራቅሞ ሁለት አዲስ ገዛሁ፤ ሁለቱን አሮጌዎች ጋሼ ለበረባሶ ሠሪ አስቀመጧቸው። አዲሶቹን ሲገጥሙ ጎናቸው ላይ የተለጠፈውን ቀለም በጨርቅ ጠርገው "በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ አምጣቸውና እናዙራቸው" አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴን ይዤ ወደ አዳማ ወረድኩ። ከኋላ መቀመጥ እሺ አለች። ቱሉ ዲምቱን አልፈን 90 ላይ ስንደርስ ሬዲዮውን ዘግቼ አዳመጥኩ። የነፋስ ድምፅ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ያ ስስ "ሽሽሽ"። ቢሾፍቱ አካባቢ በመስታወት አየኋት። ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታለች።